ካርታው በአባታችን ስም ነው፤ የአክስቴ ልጅ ግን ቤቱን አለቅም ብሏል

ጥያቄ፦ አባታችንና እናታችን በ1988 ዓ.ም. ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ቀበሌ ውስጥ አንድ ግቢ ገዙ። ካርታው በአባታችን ስም ነው። እነሱ ወደ እኛ አዲስ አበባ ሲመጡ፣ የአባታችን እህት ልጅ ጅማ ሊማር መጥቶ ስለነበር በሰርቪሱ እንዲቀመጥና ግቢውን እንዲጠብቅ አባቴ ፈቀደለት። ይኸው 11 ዓመት ሆነው። አባታችን ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ባለፈው ክረምት የዋናው ቤት ተከራዮች ሲወጡ ቁልፍ ቀይሮ ገባበት፤ አሁን ደግሞ አጥሩን አፍርሶ ሱቅ እየሠራ ነው። “አጎቴ በሽማግሌ ፊት ሰጥቶኛል፤ ግብሩን የምከፍለው እኔ ነኝ፤ ከአሥር ዓመት በላይ የኖረን ሰው ሕግ አያስወጣውም” ይላል። እናታችን በሕይወት አለች፤ ወንድሜ ውጭ አገር ነው። ካርታው በእጃችን ስለሆነ ብዙም አልሰጋንም፤ ግን ቤቱ የእኛ መሆኑን በምን እናረጋግጥ? ቁልፉን ሰብረንስ መግባት እንችላለን?

መልስ፦ የመጨረሻውን ጥያቄዎን አስቀድማለሁ፤ ሌላውን ሁሉ ሊያበላሽ የሚችለው እሱ ነውና። ቁልፉን አይስበሩ። ዕቃውን ወደ ውጭ አያውጡ፤ መብራቱን አያስቆርጡ፤ እንዲያስፈራራው ብለው የሰፈር ጎረምሳም አይላኩበት። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባለቤትነትንና ይዞታን ለያይቶ ነው የሚያያቸው። ቤቱ የማን ነው የሚለው አንድ ክርክር ነው፤ ቤቱ ዛሬ በማን እጅ ነው የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ዛሬ በጉልበት ቢያስወጡት ነገ በአንቀጽ 1149 “ይዞታዬ ይመለስልኝ፣ ሁከት ይወገድልኝ” ብሎ ይከስዎታል። ያኔ እርስዎ ካርታዎን ይዘው በተከሳሽ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ እሱ ደግሞ በዳኛው ፊት ተበዳይ ሆኖ ይቆማል። በመሐል ድብድብ ከተነሳ ደግሞ ነገሩ ወደ ወንጀል ይዞራል፤ ለቤት የተጀመረው ክርክር ለዋስትና ይሆናል።

ደግነቱ ያው አንቀጽ ለእናንተም ይሠራል። ዋናው ቤት እስከ ባለፈው ክረምት ድረስ በተከራዮቻችሁ በኩል በእናንተ ይዞታ ሥር ነበር። ቁልፍ የቀየረው ያኔ ነው። የሁከት ይወገድልኝ ክስ መቅረብ ያለበት ይዞታው ከተወሰደበት ቀን አንስቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ስለሆነ፣ ጊዜው ገና አላለፈባችሁም። ነገር ግን እየሄደ ነው፤ ከዚህ በታች የምጽፈውን ሁሉ ይህን እያሰቡ ያንብቡልኝ።

ወደ ማስረጃው ልምጣ። “ካርታው በእጃችን ስለሆነ ብዙም አልሰጋንም” ብለዋል። ስጋት እንዲገባዎ ባልፈልግም እንዲህ ያለው ልበ ሙሉነት ብዙ ቤተሰብ አዘናግቷል። አዎ፣ በአንቀጽ 1195 መሠረት አስተዳደሩ በሕግ አግባብ የሰጠው የባለቤትነት የምስክር ወረቀት ያለው ሰው የዚያ ቤት ባለቤት ነው ተብሎ ይገመታል። ግምት ግን ግምት ነው፤ ተከታዩ አንቀጽ 1196 ይህ ግምት በምን በምን ሊፈርስ እንደሚችል ይዘረዝራል፦ ወረቀቱ ሥልጣን በሌለው አካል ወይም ከሕግ ውጭ ከተሰጠ፣ መነሻ የሆነው ውል ወይም ሰነድ ፈራሽ ከሆነ፣ ወይም ተቃራኒው ወገን ካርታው ከተሰጠ በኋላ ንብረቱን በሕጋዊ መንገድ ያገኘ መሆኑን ካስረዳ። የአክስትዎ ልጅ “ተሰጥቶኛል” ሲል የሚያንኳኳው ይህን የመጨረሻውን በር ነው። ሌላም አለ፤ ካርታው የሚናገረው ስለ አባትዎ ነው። እሳቸው አርፈዋል። ከአባትዎ ስም ወደ እናንተ የሚያሻግር ሰነድ እስካልያዛችሁ ድረስ ፍርድ ቤት የምትቀርቡት ካርታ የያዙ ዘመዶች ሆናችሁ ነው፤ ዘመድማ እሱም ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሰነዶቹን እርስ በርስ ማያያዝ አለባችሁ። መነሻው የግዢው ውል ነው። ቀጥሎ ካርታውና ፕላኑ፣ ከዚያ የጋብቻ ማስረጃው፣ ከዚያ የሞት የምስክር ወረቀቱ፣ በመጨረሻም የወራሽነት ማረጋገጫው ይመጣሉ። (መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ደንግጓል፤ የእናንተ የሆነው ቤቱና የቦታው የይዞታ መብት ነው። በአቤቱታ ላይ “መሬቴን” ብሎ መጻፍ ብዙ ጊዜ ጉዳት ባያመጣም “ቤቴንና ይዞታዬን” ማለት ይሻላል።)

የወራሽነት ማረጋገጫውን ጅማ ሄደው መፈለግ የለብዎትም። ውርስ የሚከፈተው ሟቹ ሲሞት ዋና መኖሪያው በነበረበት ቦታ ስለሆነና አባትዎ ያረፉት አዲስ አበባ ኖረው ስለሆነ፣ እዚያው የአዲስ አበባ ከተማ ፍርድ ቤት ያወጡታል። እዚህ ላይ ልብ የሚሉት ነገር አለ። ያ ወረቀት ወራሾቹ እነማን እንደሆኑ ብቻ ነው የሚናገረው፤ ቤቱ የማን እንደሆነ አይወስንም። “ወራሽነቱን ካወጣሁ ቤቱ ተረከበልኝ” ብሎ ማረፍ አይገባም። በሕጉ የመጀመሪያዎቹ ወራሾች ልጆች ናቸው፤ እርስዎና ወንድምዎ እያላችሁ የአባትዎ እህትም ሆኑ ልጃቸው አይወርሱም። ቤተሰባችሁ ሙስሊም ሆኖ ጉዳዩ በሸሪዓ ይታይ ቢባል እንኳ የድርሻው ስሌት ይለያይ እንጂ ወንድ ልጅ ባለበት የእህት ልጅ ወራሽ አይሆንም። በነገራችን ላይ ጉዳዩን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት መውሰድ የሚቻለው የሁለቱም ተከራካሪ ወገኖች ፈቃድ ሲኖር ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ያስቀመጠው ይህንኑ ነው። መጥሪያ ደርሷችሁ ዝም አትበሉ፤ ከፈለጋችሁ ተስማሙ፣ ካልፈለጋችሁ አለመፈለጋችሁን በጽሑፍ አሳውቁ።

አሁን በደብዳቤዎ ውስጥ እንደ ዘበት ያለፉትን ሰው ላንሳ፤ እናትዎን። ቤቱ በጋብቻ ውስጥ የተገዛ ነው። ካርታው በባል ስም ብቻ መሆኑ ይህን አይለውጠውም፤ ተቃራኒው ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ ነው። እንግዲህ እናትዎ ይህን ግቢ አልወረሱትም፤ ግማሹ ከመጀመሪያውም የራሳቸው ነው። ለውርስ የተከፈተው የአባትዎ ግማሽ ብቻ ነው። ይህ የስሌት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልዎ። የአክስትዎ ልጅ አባትዎ ሰጡኝ የሚለውን ፍርድ ቤቱ እንዳለ ቢቀበለው እንኳ፣ አባትዎ የሚስታቸውን ድርሻ ብቻቸውን ሊሰጡ አይችሉም ነበር። ከዚያም ሌላ፣ የውርስ ንብረት ይመለስልኝ የሚለው ክስ በአንቀጽ 1000 የሦስት ዓመት ይርጋ፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያ የጊዜ ገደብ አለበት፤ ወራሹ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀ ጀምሮ ይቆጠራል። ወራሽ ያልሆነን ሰው በምትከሱበት ጊዜ ይህ ይርጋ ይሠራል አይሠራም የሚለው ያከራክራል። የእናትዎ ጥያቄ ግን የወራሽ ሳይሆን የባለቤት ጥያቄ ነው፤ ይህ ክርክር አይነካቸውም። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ከሳሽ እናትዎ ይሁኑ፤ እናንተ ከእሳቸው ጎን ቁሙ። እናንተም ሦስት ዓመት ሳይሞላ ክሰሱ፤ የይርጋው ጭቅጭቅ ከነጭራሹ አይነሳም።

ማዘጋጃ ቤት ሂዱ። ይህን ስል ካርታው እንዳለ ጠይቁ ማለቴ ብቻ አይደለም፤ የግቢውን ማህደር አስወጥታችሁ ገጽ በገጽ እዩት። የእነዚህ ነባር ይዞታዎች ፋይል ብዙውን ጊዜ ወፍራም ነው፤ ከላይ የቅርቡ ደብዳቤ፣ ከታች የዱሮው ይኖራል። ከላይኛው ገጽ ጀምሩ። አባትዎ ካረፉ ወዲህ የገባ ማመልከቻ አለ? “ካርታ ጠፋብኝ” የሚል? የስም ዝውውር፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የአጥር ፈቃድ ጥያቄ? ሱቅ የሚሠራ ሰው አንድ ወረቀት ሳያስገባ አይቀርም፤ በዚያ ወረቀት ላይ ራሱን ማን ብሎ እንደገለጸ ቃል በቃል አንብቡት። “የአጎቴን ቤት በመጠበቅ ላይ ያለሁ” ብሎ በፊርማው ጽፎ ከሆነ ከአሥር ምስክር ይበልጥባችኋል። የሚያስፈልጋችሁን ገጽ ኮፒ አስደርጋችሁ በማኅተም አስረጋግጡ። ከዚያ ፕላኑን ይዛችሁ ግቢው ድረስ ሂዱና ከመሬቱ ጋር አስተያዩት፤ አዋሳኞቹ በአራቱም ማዕዘን ልክ ናቸው? ሰርቪሱ ፕላኑ ላይ አለ? ሱቁ የቆመው በካርታችሁ ክልል ውስጥ ነው ወይስ ወደ መንገዱ ወጥቷል? ወጥቶ ከሆነ ያ ክፍል የእናንተ ክርክር አይደለም፤ የአስተዳደሩ ነው፤ ክሱ ውስጥ ብታስገቡት ራሳችሁን ታዳክማላችሁ። ከመውጣታችሁ በፊት በቤቱ ላይ ክርክር መኖሩን የሚገልጽ የተቃውሞ ደብዳቤ በማህደሩ ውስጥ አስገቡ፤ የገቢ ቁጥሩን ተቀበሉ። የውሃና የመብራት ቆጣሪው ውል በማን ስም እንደሆነም በዚያው ጉዞ አጣሩ።

ወደ ሱቁ ልመለስ፤ የሚያጣድፈው እሱ ነው። ሕጉ በሌላ ሰው ቦታ ላይ የተሠራን ቤት የሚያየው የቦታው ባለመብት ተቃውሟል ወይስ ዝም ብሏል በሚል ነው። አንቀጽ 1178 ባለመብቱ እየተቃወመ የተሠራውን፣ አንቀጽ 1179 ደግሞ ሳይቃወም የተሠራውን ይመለከታል፤ የሁለቱ ውጤት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። እየተቃወሙት የሠራ ሰው ሕንፃው ይፍረስ ወይም ለባለመብቱ ይቅር ሲባል የሚያቀርበው ጥያቄ ደካማ ነው። ዝም እየተባለ የሠራ ሰው ግን “የሕንፃው ባለቤት እኔ ነኝ፤ ልታስወጡኝ ከፈለጋችሁ ካሳ ክፈሉ” ለማለት በር ይከፈትለታል። አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ በስልክ የተጣላችሁት አይቆጠርም። በዚህ ሳምንት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፍ፤ እናትዎ ይፈርሙበት፤ በሁለት ሰው ፊት ይሰጠው፤ አልቀበልም ካለ አለመቀበሉን ሁለቱ ሰዎች ከነቀኑ ጽፈው ይፈርሙ። የሱቁን ፎቶ ዛሬ አንሱ፤ ጣሪያ ይልበስ አይልበስ፣ ግድግዳው የት ደርሷል፣ ሁሉም ይታይ። ክሱ ሲከፈት ግንባታው እንዲቆምና ንብረቱ ለሦስተኛ ወገን እንዳይተላለፍ የእግድ ትእዛዝ አብራችሁ ጠይቁ። ፍርድ እስኪሰጥ ወራት ይሄዳል፤ ያለ እግድ በእነዚያ ወራት ሱቁ ተከራይ ይገባበታል።

አሁን እሱ የሚላቸውን ሦስት ነገሮች አንድ በአንድ እንያቸው።

“በሽማግሌ ፊት ሰጥቶኛል።” በሽማግሌ ፊት በቃል የተሰጠ ቤት በሕግ ዓይን አልተሰጠም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በአንቀጽ 2443 መሠረት በግልጽ በሚደረግ ኑዛዜ ፎርም መደረግ አለበት፤ ማለትም ይጻፋል፣ በሰጪውና በምስክሮቹ ፊት ይነበባል፣ ይፈረማል። ሸጠልኝ ቢል ደግሞ አንቀጽ 1723 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲሆን ያዛል። ስለዚህ ወረቀት ከሌለው ሽማግሌዎቹ ቆመው ቢመሰክሩለትም አይረዳውም። ወረቀት ካመጣ አትደንግጡ፤ ቀኑን እዩ፤ አባትዎ በዚያ ቀን የት ነበሩ? ጅማ ተፈረመ በተባለበት ቀን አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝተው ከነበረ የሕክምና ካርዱ ይናገራል። ምስክሮቹ እነማን ናቸው፣ ፊርማ ነው ወይስ አሻራ? አጠራጣሪ ከሆነ በፎረንሲክ እንዲመረመር ፍርድ ቤቱን ጠይቁ፤ ለማነጻጸሪያ የሚሆን አባትዎ ለባንክ ወይም ለመሥሪያ ቤታቸው የፈረሙበትን ወረቀት ከአሁኑ ፈልጉ።

“ግብር እከፍላለሁ።” ደረሰኞቹን አይቻቸው ባላውቅም አንድ ነገር እጠይቅዎታለሁ፦ በማን ስም ነው የተቆረጡት? በአባትዎ ስም ሆነው በእሱ እጅ የተከፈሉ ከሆነ የእናንተን ጉዳይ ያጠናክራሉ፤ ለአባትዎ ይከፍል እንደነበር ነው የሚያሳዩት። በራሱ ስም ማስቆረጥ የጀመረው መቼ ነው? ያ ቀን ቤቱን ለራሱ ማሰብ የጀመረበት ቀን ነው። የዘንድሮውን ግብር እናንተ ቀድማችሁ ክፈሉ። እሱ የከፈለው ገንዘብ ካለ ገንዘቡን ሊጠይቅ ይችላል፤ የግብር ደረሰኝ ግን ቤት አይሆንም።

“ከአሥር ዓመት በላይ ኖሬያለሁ።” በፍትሐ ብሔር ሕጉ በይዞታ ብዛት የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት መሆን የሚቻለው በአንቀጽ 1168 ሲሆን፣ እሱም 15 ዓመት ሳይቋረጥ የባለቤትነት ግብር መክፈልን ይጠይቃል። 11 ዓመት 15 አይደለም። ከዓመቱ ይልቅ እኔ አጥብቄ የምይዘው ግን አገባቡን ነው። በሰው ፈቃድ፣ ስለ ሰው ሆኖ የገባ ሰው ያው እንደገባ ይቆጠራል፤ ይዞታው ተለውጦ የራሱ መሆኑን ማስረዳት የእሱ ሸክም ነው። እናንተ ማስረዳት ያለባችሁ በፈቃድ መግባቱን ነው፤ ክሱ የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው።

ይህን የሚያውቁ ሰዎች እነማን ናቸው? የመጀመሪያዋ አክስትዎ ናቸው፤ ልጃቸውን ወደ ወንድማቸው ቤት የላኩት እሳቸው ናቸውና። እባክዎን እሳቸውን ለምስክርነት አይጥሯቸው። ሕጉ አይከለክልም፤ ግን እናትን በልጇ ላይ ማስመስከር ቤቱ ከተመለሰ በኋላም የማይሽር ቁስል ይተዋል፤ በዚያ ላይ ሳጥን ውስጥ ገብተው ቃላቸውን ቢለውጡ የምትጎዱት እናንተ ናችሁ። የወጡት ተከራዮች አሉ፤ ኪራይ ለማን ይከፍሉ ነበር? በእሱ በኩል ለአባትዎ ያስተላልፉ ከነበረ የባንክ ማስረጃው ይገኛል። የእድሩ ሰብሳቢ አለ፤ የእድሩ መዝገብ ላይ የግቢው አባል ማን ተብሎ ነው የተጻፈው? የአጥር ጎረቤቶች አሉ። በስልክ የላከላችሁ መልእክት አለ፤ “ጋሼ፣ ጣሪያው አፍስሷልና ለቆርቆሮ ላክልኝ” ብሎ የጻፈላቸው አንድ መልእክት ከተገኘ፣ ቤቱ የማን እንደሆነ በራሱ ቃል ተናግሯል። የአባትዎን ስልክ አይጣሉ፤ ሲሙንም አያዘጉ።

ሽምግልናውን አትዝለሉት። ጅማ ላይ እንዲህ ያለ ነገር በሽማግሌ ሳይነካ ፍርድ ቤት ሲሄድ ዘመድ ሁሉ ይቀየማል፤ ዳኛውም ቢሆን ተስማሙ ማለቱ አይቀርም። ሰውየው ደግሞ እዚያ ግቢ ውስጥ ወጣትነቱን ያሳለፈ፣ ሌባ ሲመጣ የተከላከለ ሰው ነው። ወደ ፍርድ ቤት ከመሄድ በፊት የመልቀቂያ ጊዜ፣ የከፈለውን ግብር፣ ለሱቁ ያወጣውን አንዳንድ ወጪ ብትሰጡት ከዓመታት ክርክር ይረክሳል ብዬ አምናለሁ። ሁለት ነገር ግን ጠብቁ። የሚደረሰው ስምምነት ይጻፍ፤ ቤቱ የወራሾቹና የእናትዎ መሆኑን፣ እሱም በፈቃድ መቀመጡን፣ የሚለቅበትንም ቀን ይጥቀስ፤ የተቻለ እንደሆነ ክስ ተከፍቶ ዕርቁ በፍርድ ቤት ይመዝገብ፤ ያኔ ባይለቅ በአፈጻጸም ይለቃል። ሁለተኛው፣ ሽማግሌዎቹ “ለሰላም ሲባል ሰርቪሱን ተውለት” ቢሉ እዚያው ራስዎን አይነቅንቁ። ያ የማይንቀሳቀስ ንብረት ማስተላለፍ ነው፤ የእናትዎና የወንድምዎ ፈቃድም ያስፈልጋል። ሽምግልናው ሲራዘም ደግሞ የሁለት ዓመቱ ጊዜ አይቆምም።

ካልተስማማችሁ ክሱ የሚቀርበው ቤቱ ባለበት፣ ጅማ ነው። በጠበቃችሁ ምክር ወይ በ1149 የሁከት ክስ፣ ወይ በ1206 የባለቤትነት የመፋለም ክስ፣ ማለትም “ባለቤቱ እኔ ነኝና ንብረቴ ይመለስልኝ” የሚል ክስ ታቀርባላችሁ። የእኔ ዝንባሌ ወደ 1206 ነው። የሁከት ክስ ፈጣን ነው፤ ግን ዋናውን ቤት ቢመልስላችሁ እንኳ በፈቃድ ስለገባበት ሰርቪስ ብዙ አይረዳም፤ የባለቤትነቱ ክርክርም ነገ ይጠብቃችኋል። ሰነዳችሁ የተያያዘ ከሆነ አንድ ጊዜ ሁሉንም ጨርሱት። በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ አቤቱታው በዚያ ይጻፋል፤ የአዲስ አበባው የወራሽነት ማረጋገጫና የግዢው ውል በአማርኛ ከሆኑ ሕጋዊ ትርጉም ይያያዝላቸዋል። ብዙ ሰው ይህን ሳያሰናዳ ቀርቦ ቀጠሮ ያባክናል። የማስረጃ ዝርዝራችሁ ከክሱ ጋር ሙሉ ሆኖ ይቅረብ፤ ኋላ “ይህም ነበረን” ማለት ያስቸግራል።

ወንድምዎ ውክልናውን ባለበት አገር በኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል ይላክ፤ በውክልናው ላይ መክሰስ፣ መከሰስ፣ መታረቅና የውርስ ድርሻን መረከብ በግልጽ ይጻፍ። “መታረቅ” የሚለው ካልተጻፈ ሽምግልናው ላይ ስለ እሱ መፈረም አይችሉም። ዜግነት ቀይሮ ከሆነ ለጠበቃው ከመጀመሪያው ይንገረው።

እግረ መንገዴን፣ ይህን ለሚያነቡ ሌሎች፦ ክርክራችሁ በከተማ ቤት ሳይሆን በማና፣ በጎማ ወይም በሰቃ ባለ የቡና መሬት ላይ ከሆነ ከላይ ያለውን እንዳለ አትውሰዱት። የገጠር መሬት በራሱ ሕግ ነው የሚተዳደረው፤ ማስረጃው የይዞታ ደብተሩ ነው፤ ማን ይወርሳል የሚለውም የተለየ መስፈርት አለው።

የዳኝነት ክፍያው በንብረቱ ግምት ላይ ስለሚታሰብ ከፍ ሊል ይችላል። እናትዎ ገቢ ከሌላቸው በደሃ ደንብ እንዲከሱ ሊያመለክቱ ይችላሉ፤ ለእሳቸው ያለ ክፍያ የሚቆም ባለሙያ ከፈለጉም የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ከሁሉ በፊት ግን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ይጻፍ፤ የሱቁ ጣሪያ ሳይመታ ይድረሰው።